የፒክአፔ ካሜራ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስላያት ፀሐይ

ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ይኸውም በፈረንጆቹ ጁን 12 ቀን 2025
ሰዓት፦ ከጠዋቱ አራት፣ ይኸውም በእነርሱ አሥር

ለመገንጠያው ኬላ የትራፊክ አደጋ ማጣሪያ ዴስክ አስተባባሪ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የሰሞኑ ዝናብ በቢሮዎ ጣሪያ በኩል እንዳልገባብዎ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው እንደተመቸዎት ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ግን ለዓይንዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ። ቀኑንና ሰዓቱንም በሁለት አቆጣጠር የጻፍኩት ጊዜ ተርፎኝ አይደለም፣ ከእርስዎ ዴስክ ጋር የሚጻጻፍ ሰው በሁለት አቆጣጠር ካልጻፈ ምን እንደሚገጥመው በደንብ ስለተማርኩ ነው።

እኔ የትናየት ደምመላሽ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ወንበራ ደብረ ዘይት ሲሆን አሶሳ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። ቀርከሃ እነግዳለሁ፣ በወቅቱም ማንጎ። ያለችኝ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ሹፌሯ ማህጁብ ኻሚስ ይባላል። ማህጁብ ዘጠኝ ዓመት ሲያሽከረክርልኝ ሰው ይቅርና ዶሮ ገጭቶ አያውቅም። ዛሬ ግን መንጃ ፈቃዱ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈበት አርባ አራት ቀን ሞልቶታል፣ እሱ ራሱ በዋስ ነው የወጣው፣ ክሱም ሳሊማ የተባለችን ሴት ገጭቶ እግሯን ሰብሯል የሚል ነው። ሳሊማን አልገጫትም። አልገጫትም ስል በእምነት ወይም በዝምድና አይደለም፤ የገጫት መኪና በቪዲዮ ስላለ ነው። ያንን ቪዲዮ በእጄ አምጥቼ ለዴስክዎ ሰጥቻለሁ፣ ዴስክዎም አልቀበልም ብሏል። ክቡርነትዎ የውለታዎን ብዛት እንዳይዘነጉት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

አምና አንድ ባጃጅ የፒክአፔን በር ቧጭሮ ሲሰወር አቤት ለማለት መጥቼ ማስረጃ የለሽም ተብዬ ተመልሻለሁ። ይሁን ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ በጥቅምት ወር ባለንብረቶችን አዳራሽ ሰብስበው፣ የታሸገ ውኃ አስቀርበው፣ «ካሜራ ግጠሙ! ካሜራ አይዋሽም! ካሜራ ያለው ሰው እኔ በር ላይ አይጉላላም!» ብለው ሲናገሩ ከልባቸው ካጨበጨቡት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት ያጨበጨብኩበት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክርዎን ይዤ በመጋቢት ወር ገበያው አጠገብ የስልክና የሬዲዮ ዕቃ የሚሸጠው ዓብዱልላጢፍ ዘንድ ሄድኩ። ዓብዱልላጢፍ ሐቀኛ ነጋዴ ነው፤ ሦስት ዓይነት የመኪና ካሜራ ደርድሮ የእያንዳንዱን ጉድ ሳይደብቅ ነገረኝ። የመጀመሪያው በውስጡ ባትሪ ያለው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በአሶሳ ሙቀት መስታወት ሥር ሲጠበስ ባትሪው ያብጣልና አትግዢው አለኝ። ሁለተኛው ከሳተላይት ጋር እየተገናኘ ቀንና ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክል ሲሆን ዋጋው አይቀመስም። ሦስተኛው ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ፣ ሞተር ሲነሳ አብሮ የሚነሳ፣ ሞተር ሲጠፋ የሚጠፋ ርካሽ ካሜራ ነበር። ይበቃኛል ብዬ እሱን ገዛሁ። በጎማ መምጠጫ የሚለጠፈው ዓይነት በባምባሲ በኩል ባለው ኮረኮንች ሁለት ቀን አይቆይም ስለተባልኩ በማጣበቂያ የሚያዘውን መረጥኩ። ማህጁብ ፓራብሬዛውን ሁለት ጊዜ በአልኮል ጠረገ፣ የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ያንጠለጠለውን መቁጠሪያ እይታ እንዳይከልል ብሎ አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ካሜራውን ከመስታወቱ ጀርባ ለጠፈው። የሲጋራ መለኮሻው ከተቃጠለ ዓመታት ስላለፉት ዓብዱልላጢፍ ገመዱን በጣሪያው ጠርዝና በበሩ ጎማ ሥር እየደበቀ አውርዶ ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር አገናኘው። ካሜራው መኪና ሲናወጥ አደጋ ደረሰ ብሎ የሚመዘግብበት ነገር አለው፤ በመጀመሪያው ቀን ከባምባሲ አሶሳ እስክንገባ ሰባ ሁለት አደጋ መዘገበልን። ሁሉም ጉድጓዶች ነበሩ። ይህንንም ዝቅ አድርገን አስተካከልነው።

በመጨረሻ ዓብዱልላጢፍ ሰዓቱን በማን አቆጣጠር ልሙላው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ኩራት ኩራት ብሎኝ በእኛ ነዋ አልኩት። አሶሳ ውስጥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ብሎ የሚጠራ ሹፌር ማን አለ? ስለዚህ ዓመቱን 2017፣ ወሩን ሰባተኛ፣ ቀኑን 12፣ ሰዓቱን አራት ብሎ ሞላው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የእኔ ጥፋት ይህች ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ማንም ሳያስገድደኝ ለመርማሪዎ በቃሌ ነግሬያለሁ፣ በጽሑፍም አስገብቻለሁ።

ሁለተኛ፣ መርማሪዎ ለማህጁብ ስላቀረበለት ጥያቄ አመሰግናለሁ።

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ማህጁብ ቀርከሃ ጭኖ ወደ ከተማ እየገባ ነበር። ከኋላው የመጣ ነጭ ባለ ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ጥሩንባውን እያምባረቀ ቀደመው፣ ከፊት ባጃጅ ሲመጣበት ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፣ የማንጎ ሳፋ ተሸክማ በመንገዱ ጠርዝ ትሄድ የነበረችውን ሳሊማን በቀኝ ፊቱ መትቶ ጣላትና ሳይቆም ሄደ። ይህ ሁሉ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ስለማላውቅ ሰከንዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ማህጁብ ግን ቆመ። ግማሽ ቀርከሃውን መንገድ ዳር አራግፎ ሳሊማን በፒክአፑ አስተኝቶ ሆስፒታል አደረሳት፣ አዲስ ቀረጻ አሮጌውን እንዳያጠፋውም በር ላይ እንደቆመ የካሜራውን ካርድ አውጥቶ በመሐረብ ቋጠረ። ከዚያ ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቀ። መሄድ ይችል ነበር፣ አልሄደም።

መርማሪዎም መጥቶ ማህጁብን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ «ካልገጨሃት ለምን ቆምክ?»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ቃል በቃል የጻፍኩት እርስዎም እንዲያነቡት ነው። ማህጁብ የአፍ መፍቻው በርታ ነው፤ በአማርኛ ሲናደድ ቃል ያጥረዋል። የመለሰው፣ «ሰው ወድቋል። ወላሂ፣ ሰው ወድቆ እያየሁ የት ልሂድ?» ብሎ ነው። ይህ መልስ በቃል መቀበያው ቅጽ ላይ የተጻፈው «አሽከርካሪው በስፍራው መቆሙን አምኗል» ተብሎ ነው። ሳሊማም እግሯ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ሆና፣ «መኪና አላየሁም፣ ከጀርባ ነው የመጣ። ማህጁብ ግን አየሁት፣ ተሸክሞ ሲሮጥ፣ ሲያለቅስ» ብላ ነበር። የእሷ ደግሞ «ተጎጂዋ የገጫትን ሌላ መኪና አለማየቷን አረጋግጣለች» ተብሎ ገብቷል። መርማሪዎ ሰው የተናገረውን በማሳጠር ረገድ ያለውን ችሎታ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮውን ስላዩበት መንገድ አመሰግናለሁ።

ካርዱን ለዴስክዎ ካስረከብኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ የተሰጠኝ ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ «ቪዲዮው የተቀረጸው እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2017 ከሌሊቱ 9፡40 ላይ በመሆኑና አደጋው ከደረሰበት ጊዜ ጋር የማይገናኝ በመሆኑ በማስረጃነት አልተያዘም።» ይህን የሚያህል ግኝት የተገኘው ከምስሉ ጥግ ላይ ከተጻፈው «2017-08-20 03:40» ከሚለው ነው። ከሙሉው ምስል የታየው ያ ጥግ ብቻ ነው።

የቀረውን ምስል ቢያዩት ኖሮ ክቡርነትዎ በጣም ብዙ ነገር ያገኙ ነበር። ለምሳሌ ፀሐይ ያገኙ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ አሶሳ ውስጥ እንዲህ ዓይን የምትወጋ ፀሐይ ከወጣች ጉዳዩ ከትራፊክ ዴስክ አልፎ የሃይማኖት አባቶችን ሁሉ የሚመለከት ነው። አቧራም ያገኙ ነበር። በኦገስት፣ በክረምቱ እምብርት፣ አሶሳ ላይ አቧራ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ፤ ያኔ እኛ ጎማችንን ከጭቃ ስናወጣ ነው የምንከርመው። የበሰለ ማንጎም መንገዱ ላይ ሲንከባለል ያዩ ነበር፤ ማንጎ መቼ እንደሚበስል ደግሞ እዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ሳሊማን ያዩ ነበር። ሳሊማ በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ወድቃ ትታያለች። ቪዲዮው የዛሬ ስምንት ዓመት ግድም የተቀረጸ ከሆነ ይህች ሴት ይህን ሁሉ ዓመት የተሰበረ እግሯን ይዛ ማንጎ ስትሸጥ ነበር ማለት ነው።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ መሆኑን ስናስረዳ ደግሞ መርማሪዎ በጣቱ ቆጥሮ፣ በእናንተ አቆጣጠርም ቢሆን 20 ነው የሚለው፣ አደጋው የደረሰው 21 ነው ብሎ አሸነፈን። ለአንድ ቀን ያህል እኛም ግራ ገብቶን ነበር። ነገሩን የፈታው ዓብዱልላጢፍ ነው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው፤ ሰባተኛው የፈረንጅ ወር ሠላሳ አንድ ቀን ስላለው የእኛን መጋቢት 31 አድርጎ ቆጠረው፣ በዚያው አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረ። ይህን በሁለት ገጽ ጽፈን፣ የቀን መቁጠሪያ ቅጂ አያይዘን አስገባን። የተሰጠን መልስ በቃል ነው፤ ዴስኩ የካሜራ ጥገና አይሠራም ተባልን።

አራተኛ፣ ውሳኔው ስለተጻፈበት ቀን አመሰግናለሁ። ማስረጃችንን ውድቅ ያደረገው ወረቀት ራስጌው ላይ «14/09/2017» ይላል፣ ክብ ማኅተምም አርፎበታል። እኔ ግንቦት 14 ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ሞኝ ስለሆንኩ። በዴስክዎ አነባበብ ግን ይህ ወረቀት የተጻፈው በሴፕቴምበር 2017፣ አደጋው ከመድረሱ ከሰባት ዓመት ተኩል በፊት መሆኑ ነው። ገና ያልወደቀችን ሴት፣ ገና ባልተገዛ ካሜራ ማስረጃ፣ ያን ያህል ዓመት አስቀድሞ የወሰነ መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ወይ ወረቀቱም እንደ ቪዲዮው ይውደቅ፣ ወይ ቪዲዮውም እንደ ወረቀቱ ይቁም። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም።

አምስተኛውን በፌዝ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። የተናደድኩት ስለ ቀርከሃው ወይም ስለተጓተተው ሥራዬ አይደለም። ማህጁብ መንጃ ፈቃዱን ከተነጠቀ ጀምሮ ፒክአፗን የምነዳት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከባምባሲ ስመለስ አንድ ሽማግሌ ከብስክሌት ወድቀው መንገድ ዳር ተጋድመው አየሁ። ከፊቴ የነበሩት ሁለት መኪናዎች ፍጥነት እንኳ ሳይቀንሱ አለፏቸው። እኔም እግሬን ፍሬን ላይ ከማድረጌ በፊት ዓይኔ ወደ ካሜራው ነው የሄደው፤ ቀይ መብራቱ መብራቱን አረጋገጥኩ፣ «ካልገጨሻቸው ለምን ቆምሽ» ብባል ምን እንደምመልስ አሰብኩ፣ ከዚያ ነው የቆምኩት። ምናልባት መቶ ሜትር አልፌአቸው ነበር። ተመልሼ ሳነሳቸው ክንዳቸው ተሰብሮ እያቃሰቱ፣ «አንቺስ ቆምሽ፣ ተባረኪ» አሉኝ። አፍሬ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። የእርስዎ ዴስክ በዚህ መንገድ ላይ የሠራው ሥራ ይህ ነው። ሰው ወድቆ ሲያይ መቆም የማያውቅ ሹፌር ሞልቷል፤ መቆም የሚያውቀውን አንድ ማህጁብን ደግሞ ቤቱ አስቀመጣችሁት። ትናንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር፣ ባለቤቱ ነዕማ ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ዳር እንኳ መቀመጥ እንደጠላ ነገረችኝ። እሱ ያለኝ ግን ይህን ነው፦ «እትዬ፣ ክስ አልፈራም። ልጄ ግን፣ አባ፣ ሌላ ቀን ሰው ቢወድቅ አትቁም አለኝ። እሱ ነው የከፋኝ።»

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አዲስ መርማሪ አልጠይቅም፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠይቅም። ክቡርነትዎ ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ፣ ከተመቸዎት ምሳ ከበሉ በኋላ፣ አሥራ አንዷን ሰከንድ ብቻ እንዲያዩልኝ ነው። የቀኑን ጥግ በአውራ ጣትዎ ሸፍነው ቢያዩት ድካም ይቀንስልዎታል።

በአዳራሽ የሰጡንን ምክር ዕድሜያችንን ሙሉ የማንረሳ፣ ማስረጃ አምጡ ሲሉን ያመጣንና ስላመጣን የተቀጣን፣ በደጅዎ ቆሞ መዋልን የተካንን የከተማዋ ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ሁሉ ጥልቅ አክብሮት ይድረስዎ እያልኩ፣ የማይናወጥ ወንበርና የማይደበዝዝ ማኅተም እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የትናየት ደምመላሽ
የአንዲት ፒክአፕና የአንድ ርካሽ ካሜራ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለማህጁብ ኻሚስ፣ በመኖሪያ ቤቱ፣
ለሳሊማ፣ ሆስፒታል፣ በአልጋዋ፣
ለዓብዱልላጢፍ ሱቅ፣ በር ላይ እንዲለጠፍ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት ሁለት ገጹን ማብራሪያ ላስገባ ስመጣ ግቢዎ ውስጥ ቦታ አጥቼ ፒክአፔን ከአንድ ነጭ ባለ ኮድ 4 መኪና ፊት ለፊት አቁሜ ነበር። የግራ የፊት መብራቱ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፣ የቀኙ ግን አዲስ ነው፤ የላስቲክ ሽፋኑ እንኳ ከጠርዙ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተነሳም። ጥበቃውን የማን መኪና ነው ብዬ ብጠይቀው የእርስዎ መሆኑን በኩራት ነገረኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ሞተር አላጠፋሁም፣ ካሜራዬም አላረፈም። ቀንና ሰዓቱን በዚያው ጠዋት ዓብዱልላጢፍ አስተካክሎልኛል፤ በፈረንጆቹ ነው፣ ጁን 9 ቀን 2025።